በደቡብ ካሊፎርኒያ ቻፓራል ውስጥ ዕፅዋትንና የዱር እንስሳትን መመልከት

በሎስ አንጀለስና በሳን ዲዬጎ ዙሪያ የሚገኙትን ኮረብቶች የሸፈነው፣ ከወገብ ጀምሮ ከሰው ቁመት በላይ የሚያድገው ጥቅጥቅ ያለ ደረቅ ቁጥቋጦ ቻፓራል ይባላል። ስሙ የመጣው ቻፓሮ ከሚለው የስፓኒሽ ቃል ሲሆን፣ ቃሉ ቁጥቋጦ መሳዩን አጭር የኦክ ዛፍ ያመለክታል። በኦገስት ወር በፍሪዌይ ላይ እየነዳ የሚያልፍ ሰው ኮረብታው ግራጫና ቡናማ ሆኖ ስለሚታየው የሞተ ጥሻ ይመስለዋል፤ እኔም ወደዚህ አገር በመጣሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ከዚያ የተለየ ነገር አላየሁበትም ነበር። እንደ ደን ወይም እንደ ሐይቅ ዳር፣ ገና ሲደርሱበት ዓይን የሚሞላ ቦታ አይደለም። ረጅም መንገድ ለሚጓዝ ሰው ጥቂት ብቻ ያሳያል፤ አንድ ቦታ ተቀምጦ ለሚጠብቅና ወደዚያው ቦታ በየወሩ ለሚመለስ ሰው ግን ተመልክቶ የሚጨርሰው አይሆንም። ከዚህ በታች የሰጠኋቸው ምክሮች በሙሉ የተመሠረቱት በዚህ ላይ ነው።

ወቅቱን መረዳት

ከሁሉ አስቀድሞ የአካባቢውን ወቅት ማወቅ ያስፈልጋል፤ በዚህ ረገድ አማርኛ ተናጋሪ አንድ ጥቅም አለው። እኛ ክረምት ስንል ዝናቡን፣ በጋ ስንል ደረቁን ጊዜ ማለታችን ነው፤ የቻፓራል ኑሮም በእነዚህ በሁለቱ የተከፈለ ነው። ወራቱንና ዓመታቱን እዚህ አገር በሚሠራበት አቆጣጠር ብንጠራቸው፣ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ በኖቬምበር ይጀምርና እስከ ኤፕሪል ይቆያል፤ ከሜይ እስከ ኦክቶበር ደግሞ ጠብታ ሳይወርድ ወራት ያልፋሉ። ስለዚህ ብርዱንና ሙቀቱን ለጊዜው ትቶ "አሁን ክረምት ነው ወይስ በጋ?" ብሎ መጠየቅ ዕፅዋቱ የሚያደርጉትን ለመረዳት ይበልጥ ይረዳል። የሎስ አንጀለስ መሃል ከተማ በዓመት በአማካይ የሚያገኘው ዝናብ 360 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። ልዩነቱ በመጠን ብቻ አያበቃም፤ እዚህ ዝናቡ የሚመጣው በብርድ ጊዜ ስለሆነ፣ ፀሐይ በምታይልበት ወቅት ለዕፅዋቱ የሚሆን ውኃ የለም። የቻፓራል ቁጥቋጦዎች ቅጠላቸው ትንሽ፣ ወፍራምና ጠንካራ የሆነው፣ ዓመቱን ሙሉም የማይረግፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ በየዓመቱ አዲስ ለስላሳ ቅጠል ከማብቀል ይልቅ አንዴ ያወጡትን ቆጥበው ይይዛሉ።

አደይ አበባ የምንጠብቅበት መስከረም እዚህ ኮረብታው እጅግ የደረቀበት ጊዜ ነው። አበባ የሚጀምረው ማንዛኒታ የሚባለው ቁጥቋጦ በዲሴምበርና በጃንዋሪ ሲያብብ ነው፤ ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ ድረስ ብዙዎቹ ይከተላሉ፤ ቶዮን የሚባለው ደግሞ ፍሬውን የሚያቀላው ሌላው ሁሉ በደረቀበት በኖቬምበርና በዲሴምበር ነው። አዲስ ጀማሪ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ሜይ አጋማሽ ባለው ጊዜ ቢጀምር ይቀለዋል። ይሁን እንጂ በጋውን ሙሉ ከመሄድ እንዳይቀር እመክራለሁ፤ አንድን ቁጥቋጦ በማርች ብቻ ያየ ሰው ግማሹን ነው ያየው።

ቦታ መምረጥ

ለመመልከት የሚመረጠው ቦታ ውብ መሆኑ ብዙም አያስፈልግም፤ ቅርብ ቢሆን ይሻላል፤ ምክንያቱም ሩቅ ቦታ በዓመት አንዴ፣ ቅርብ ቦታ በወር ሁለቴ ይኬዳል። ከፌርፋክስ ጎዳናው ሊትል ኢትዮጵያ በመኪና ብዙም የማይርቀው ግሪፊዝ ፓርክ ከ4,000 ኤከር በላይ ስፋት ያለው ሲሆን፣ አብዛኛው ክፍሉ ያልታረሰና ያልተተከለ የተፈጥሮ ቁጥቋጦ ነው። ፒ 22 የሚል መለያ የተሰጠው የተራራ አንበሳ፣ ማለትም ፑማ፣ በ2012 እዚያ በካሜራ ከታየ በኋላ እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ በከተማ በተከበበው በዚህ ፓርክ ኖሯል። ከዚያ ወደ ምዕራብ በ1978 የተቋቋመው የሳንታ ሞኒካ ተራሮች ብሔራዊ የመዝናኛ ስፍራ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በሳን ጋብሪዬል ተራሮች ላይ ያለው የአንጀለስ ብሔራዊ ደን፣ በሳን ዲዬጎ ደግሞ ሚሽን ትሬይልስ ፓርክ ለዚሁ የሚመቹ ናቸው። በቅርብ ዓመታት የተቃጠሉ አካባቢዎች ስላሉ፣ ከመውጣትዎ በፊት የመረጡት መንገድ ክፍት መሆኑን ከፓርኩ ድረ ገጽ ያረጋግጡ።

በመረጡት ቦታ ከአንድ ኪሎ ሜትር የማይበልጥ መንገድ ብቻ ይያዙ። የሚቻል ከሆነ መንገዱ በሸለቆ መካከል የሚያልፍ፣ በአንድ ወገን ወደ ደቡብ፣ በሌላው ወገን ወደ ሰሜን የሚያይ ተዳፋት ያለው ይሁን። እነዚህ ሁለት ተዳፋቶች በአሥር እርምጃ ርቀት ላይ የሚገኙ ሁለት አገሮች ናቸው ማለት ይቻላል። ወደ ደቡብ የሚያየው ፀሐይ ሙሉ ቀን ስለሚመታው ቁጥቋጦው አጭርና የተራራቀ ሲሆን፣ ቻሚስ የሚባለው ቁጥቋጦና መዓዛማ ቅጠል ያላቸው ዝቅተኛ ዕፅዋት ይበዙበታል። ወደ ሰሜን የሚያየው ጥላና እርጥበት ስለሚቆይበት ቁጥቋጦው ረዥምና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ አጭሩ ኦክ፣ ቶዮንና ሲያኖተስ የሚባለው ቁጥቋጦ የሚገኙት እዚህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ምንም ስም ሳያውቁ የሁለቱን ተዳፋቶች ልዩነት ብቻ በአምስት መስመር ቢጽፉ፣ ስለ ቻፓራል የሚያስፈልገውን ዋና ነገር ጀምረዋል።

የሚያዝ ነገርና ሰዓት

8 እጥፍ የሚያቀርብ ባይኖኩላር፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ የእጅ ሌንስ፣ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ይበቃሉ። ባይኖኩላሩ ባይኖር እንኳ ሌንሱ አይቅር፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ በቻፓራል ውስጥ ግን ከትልቁ መነጽር የበለጠ ያሳያል። ረጅም ሱሪ፣ የተሸፈነ ጫማና ባርኔጣ ያድርጉ፤ ለእያንዳንዱ ሰዓት ቢያንስ ግማሽ ሊትር፣ በሞቃት ቀን ከዚያ በላይ ውኃ ይያዙ። በሸለቆ ውስጥ ስልክ ብዙ ጊዜ ስለማይሠራ የት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚመለሱ ለአንድ ሰው ተናግረው ይውጡ።

ጧት ፀሐይ ስትወጣ እዚያው መገኘት ይሻላል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ በበጋ ወፎቹ ዝም ይላሉ፣ አጥቢ እንስሳቱም ጥላ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀሩት እንሽላሊቶችና ነፍሳት ናቸው።

ተቀምጦ ማዳመጥ

ከመንገዱ ሳይወጡ የሚቀመጡበት ድንጋይ ወይም የመንገድ ዳር ይፈልጉና ለ20 ደቂቃ ይቀመጡ። ሰው ሲራመድ የቁጥቋጦው እንስሳት ድምፁን ሰምተው ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ተመልሰው የሚወጡት ዝምታው ሲረጋጋ ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ባዶ ይመስላሉ፤ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚነሣውም በዚያን ጊዜ ነው። እባክዎ አይነሡ።

በቻፓራል ውስጥ ጆሮ ከዓይን ይቀድማል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው ሬንቲት የሚባለው ትንሽ ግራጫማ ቡናማ ወፍ ነው። የወንዱ ዜማ ከጠረጴዛ ላይ ወድቃ የምትነጥር ኳስ ድምፅ ይመስላል፤ መጀመሪያ እየተራራቀ ይመታል፣ ከዚያ እየፈጠነ ሄዶ መጨረሻው ይንቀጠቀጣል። ሴቷም ትዘምራለች፤ የእርሷ ግን አይፈጥንም፣ እኩል በሆነ ርቀት ይቀጥላል። ወንድና ሴት ተጣምረው ዓመቱን ሙሉ አንድ ክልል ይዘው ስለሚኖሩ፣ በጃንዋሪ የሰሙበት ቁጥቋጦ ዘንድ በጁላይ ቢመለሱ ያንኑ ጥንድ መስማትዎ አይቀርም። ለማየት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኔ ለወራት ሰምቼው ነበር በዓይኔ ያየሁት፤ ሲወጣም ጅራቱን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ በቻሚስ ቅርንጫፍ መካከል ለሦስት ሰከንድ ያህል ብቅ ብሎ በፈዛዛ ዓይኑ አየኝና ተመልሶ ገባ።

የካሊፎርኒያ ድርጭት በመንጋ የምትሄድ፣ ግንባሯ ላይ ወደ ፊት ያጎነበሰ ጥቁር ላባ ያላት ወፍ ናት፤ ከ1931 ጀምሮም የግዛቲቱ ወፍ ሆና ተመርጣለች። ሦስት ክፍል ያለው ጥሪዋ እዚህ አገር ያሉ ሰዎች "ቺካጎ" የሚል ይመስላቸዋል። መንጋው መሬት ሲለቅም አንዱ ወንድ ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ ሲጠብቅ ያዩታል፤ እርሱን ካዩ ባይኖኩላርዎን ከሥሩ ወዳለው መሬት ያዙሩ። የረገፈ ቅጠል በኃይል ሲገለበጥ ከሰሙ ደግሞ ትልቅ እንስሳ ነው ብለው አይደንግጡ፤ ምንቃሩ እንደ ማጭድ የቆለመመው የካሊፎርኒያ ትራሸር ወይም ሁለት እግሩን በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ እየጫረ የሚለቅመው ታውሂ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ወፎች እንዲወጡ ብሎ የተቀዳ ድምፅ በስልክ ማጫወት ተገቢ አይደለም፤ ወፉ ክልሉን ሊወስድበት የመጣ ጠላት መስሎት ጫጩቱን ትቶ ይወጣል።

ዕፅዋቱን በእጅና በአፍንጫ ማወቅ

የቻፓራልን ዕፅዋት በአበባ ብቻ የሚማር ሰው በዓመት ለስድስት ወር ያህል ምንም አያውቅም። ስለዚህ በቅጠል፣ በቅርፊትና በሽታ ይጀምሩ፤ በመጀመሪያው ዓመት ስድስት ዕፅዋት በሚገባ ማወቅ ይበቃል።

ቻሚስ በብዛት የሚገኘው ነው። ቅጠሉ መርፌ የሚመስል፣ ርዝመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ሲሆን በቅርንጫፉ ላይ በትንንሽ ጭብጥ ይሰበሰባል። በሜይና በጁን ጥቃቅን ነጭ አበባ ያወጣል፤ አበባው ከደረቀ በኋላ ዝገት መስሎ በላዩ ላይ ይቆያል፤ ከፍሪዌይ ሲታይ ኮረብታውን ቡናማ የሚያስመስለው በአብዛኛው ይህ የደረቀ አበባ ነው። ቀረብ ብለው ቢያዩት ከሥሩ ያለው ቅጠል አረንጓዴ ነው።

ማንዛኒታን ያለ ሌንስም አይስቱትም። ቅርፊቱ ልስልስና ጥቁር ቀይ ነው፤ በበጋ እንደ ስስ ወረቀት እየተጠቀለለ ይላጣል፤ በሞቃት ቀን እጅዎን ቢያሳርፉበት ይቀዘቅዛል። ቅጠሎቹ በጠርዛቸው ቆመው ስለሚያድጉ የቀትር ፀሐይ የምታገኘው ፊታቸውን ሳይሆን ስስ ጠርዛቸውን ነው። አበባው እንደ ተደፋች ትንሽ እንስራ ነው፤ ሌንሱን ከሥር አድርገው ወደ ላይ ቢያዩ ጠባቧን አፍ ያገኛሉ። ስሙ በስፓኒሽ "ትንሽ ፖም" ማለት ሲሆን ፍሬውን ኮዮቲ የሚባሉት ቀበሮ መሳይ እንስሳት ይወዱታል። በሰሜንና በባሌ ተራሮች የሚበቅለውን አስታ የሚያውቅ አንባቢ አበባው ቢመሳሰልበት አይገረም፤ ማንዛኒታና አስታ የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው።

እንዲህ ያለው ዝምድና በዚህ ብቻ አያበቃም፤ ለእኔ ደግሞ ኮረብታውን ያላመደኝ ይኸው ነው። በፌብሩዋሪና በማርች ሰማያዊ ወይም ነጭ አበባ የሚለብሰው ሲያኖተስ ከጌሾ ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው፤ ከእሱ አጠገብ ብዙ ጊዜ የሚገኘው፣ ቅጠሉ ጠርዘ እሾሃማና ፍሬው ቀይ የሆነው ሆሊሊፍ ሬድቤሪ ደግሞ ከጌሾ ጋር በቅርብ የሚዛመድ ነው። የሲያኖተስ አበባ ሳሙናነት አለው፤ ከመሬት ላይ የወደቁትን ጥቂት አበቦች በእጅዎ ይዘው ጥቂት ውኃ ጨምረው ቢያሹ እንደ እንዶድ አረፋ ያወጣል። ከቅርንጫፍ ግን አይቀንጥሱ፤ በፓርኮች ውስጥ ተክል መቁረጥ የተከለከለ ነው።

በዝቅተኛው ተዳፋት ላይ ያለው ዕፅዋት ከቻፓራል ይለያል፤ ቅጠሉ ለስላሳና መዓዛማ ነው፣ በበጋም ብዙው ይረግፋል፤ አንዳንዶች ለስላሳ ቻፓራል ይሉታል። እዚህ የካሊፎርኒያ ሴጅብራሽን ይፈልጉ። ቅጠሉ እንደ ክር የቀጠነና ግራጫማ አረንጓዴ ነው። ሳይቆርጡ በሁለት ጣትዎ መካከል አሽተው ወደ አፍንጫዎ ያቅርቡ። ሽታው አሪቲ ነው፤ ዝምድናቸውም እጅግ የቀረበ ነው። እናቴ በዓል ሲደርስ ከጠጅ ሳር ጋር አስራ ታመጣው የነበረውን ሽታ ከቤቴ በሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ፣ አንድም የማውቀው ነገር የለም ብዬ በናቅሁት ኮረብታ ላይ ሳገኘው ለረጅም ጊዜ ቆሜ ቀረሁ።

በአቅራቢያው ነጭ ሴጅ የሚባለው፣ ቅጠሉ ብርማ የሆነው ተክል ይገኛል። ለጢስ ይሸጣል ተብሎ ከተራራ ላይ በስርቆት ስለሚነቀል እየተጎዳ ነው፤ የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ለሆኑት ለቹማሽ፣ ለቶንግቫና ለኩምያይ ደግሞ ክብር ያለው ተክል ነው። ያሽትቱት፣ ይለፉት።

ከኤፕሪል እስከ ጁን ድረስ ደግሞ መንኪ ፍላወር የሚባለውን፣ አበባው ብርቱካንማ፣ ቅጠሉ ሙጫ ያለው ቁጥቋጦ ሳይጎበኙ አይመለሱ። በአበባው ጉሮሮ መግቢያ ላይ እንደ ተከፈተ አፍ ያሉ ሁለት ነጭ ከናፍር ይታያሉ፤ የወንዴውን ዱቄት የሚቀበለው ክፍል ይህ ነው። ከመሬት ቀጭን የሣር አገዳ አንሥተው በቀስታ ይንኩት። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሁለቱ ከናፍር በዓይንዎ ፊት ይገጥማሉ። ንብ ወይም ሃሚንግበርድ የምትባለው አበባ የምትቀስም ትንሽ ወፍ ዱቄት ይዛ ብትነካው ዘግቶ ይቀራል፤ የእርስዎ ሣር ግን ምንም ስላላመጣለት ቆይቶ ተመልሶ ይከፈታል። በአንድ ቁጥቋጦ ላይ ተዘግተው የሚያገኟቸውንና ክፍት የሆኑትን አበቦች ቢቆጥሩ በዚያ ጧት ምን ያህል ጎብኝ እንደ ነበረ ፍንጭ ይሰጥዎታል። ልጆችን ወደ ቻፓራል ለማምጣት ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም።

ስድስተኛው ዩካ ነው። ቅጠሉ እንደ ጎራዴ የሾለና በመሬት ላይ በክብ የተሰበሰበ ነው፤ ለዓመታት እንዲሁ ከቆየ በኋላ በአንድ ጸደይ (እዚህ አገር ጸደይ የሚባለው ከማርች እስከ ሜይ ያለው ጊዜ ነው) ከሰው ቁመት በላይ የሚረዝም አገዳ ያወጣል፣ በነጭ አበባ ይሸፈናል፣ ዘሩን ጥሎ ይሞታል። የሚያዳብረው አንድ ዓይነት ትንሽ የእሳት ራት ብቻ ነው። እንስቷ ዱቄቱን ትሰበስባለች፣ በሌላ አበባ ውስጥ ዕንቁላሏን ትጥላለች፣ ከዚያም ዱቄቱን በተገቢው ቦታ ራሷ ታስቀምጣለች፤ ትሎቿ ከሚፈጠረው ዘር ጥቂቱን ይበላሉ፣ የቀረው ለተክሉ ይሆናል። ከጫፉ ስለት እየተጠነቀቁ ወደ አበባው ውስጥ በሌንስ ይመልከቱ።

የማይታዩትን እንስሳት በዱካቸው መከተል

ቦብካት የሚባለው የዱር ድመት፣ ግራጫ ቀበሮና ኮዮቲ በቻፓራል ውስጥ በብዛት ይኖራሉ፤ ተመልካች ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ያለፉበትን ምልክት ነው። ጧት፣ ሯጮችና ውሾች መንገዱን ሳይረግጡት፣ አቧራውን ጎንበስ ብለው ከፀሐይዋ ተቃራኒ ሆነው ይዩት፤ ጥላ ሲወድቅበት ዱካው ይጎላል። የኮዮቲ ዱካ ሞላላ ነው፣ ጥፍሩም ይታያል፤ የቦብካት ክብ ነው፣ ድመት ጥፍሯን ስለምትሰበስብ ጥፍር አይታይበትም። ኮዮቲ ኩሱን በመንገዱ መሃል ይተዋል፤ በእንጨት ቢገልጡት በኦክቶበር የማንዛኒታ ዘር፣ በሌላ ጊዜ ፀጉርና አጥንት ያገኛሉ። ዘሩን ወደ ሌላ ተዳፋት የወሰደው ማን እንደሆነ በዚያ ይታወቃል።

ከቁጥቋጦው ሥር አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተከመረ የእንጨት ቁልል ካዩ፣ ሰው የሰበሰበው ማገዶ አይምሰልዎ። የዉድራት ቤት ነው። ይህች ዓይነ ትልቅ፣ ጆሮ ሰፊ የዱር አይጥ ቤቷን ከብዙ ክፍል ትሠራዋለች፤ መኝታ፣ የምግብ ማከማቻም አለው። ቤቱ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየተላለፈ ለብዙ ትውልድ ይኖርበታል። አይጧ ያለችበት መሆኑን ለማወቅ አይነቅንቁት፤ መግቢያው አካባቢ ገና ያልጠወለገ የተቆረጠ ቅጠል መኖሩን ብቻ ከሩቅ ይመልከቱ። በየወሩ ስትጨምርበት የምታየውን እንጨት መከታተል ከማውቃቸው አስደሳች ሥራዎች አንዱ ነው።

በድንጋይ ላይ በክንዱ እየተነሣ እየተኛ የሚያሳየው እንሽላሊት ፌንስ ሊዛርድ ይባላል፤ ወንዱ ይህን የሚያደርገው ሰማያዊ ሆዱን ለተቀናቃኙ ለማሳየት ነው። ይህ እንሽላሊት ለሰውም የሚተርፍ ጠባይ አለው። ላይም የተባለውን በሽታ የሚያመጣውን ባክቴሪያ የያዘ ጫጩት መዥገር የእርሱን ደም ሲጠጣ፣ በደሙ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ባክቴሪያውን ይገድለዋል።

ከአደጋ መጠበቅ

ብዙ ሰው የሚፈራው እባቡን ነው፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን ፖይዝን ኦክ በሚባለው ተክል ነው። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ ይወጣል፣ በጸደይ ያብረቀርቃል፣ በበጋ ይቀላል፣ በክረምት ይረግፋል፤ በጥላማ ሸለቆና በሰሜን ተዳፋት ይበዛል። በሁለተኛው ዓመቴ በጃንዋሪ ወር ቁልቁለት ስወርድ እንዳልንሸራተት ቅጠል የሌለው ቀጭን ግንድ ያዝኩ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ክንዴ ውኃ ቋጥሮ ለሁለት ሳምንት ያህል እንቅልፍ ነሣኝ። ዘይቱ በግንዱም ውስጥ እንዳለ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ስለዚህ የማያውቁትን እርቃን ግንድ በክረምት አይያዙ፤ ከነኩ ሳይዘገዩ በሳሙናና በብዙ ውኃ ይታጠቡ፤ ዘይቱ በልብስ፣ በጫማ ማሰሪያና በውሻ ፀጉር ላይ ስለሚቆይ እነዚያንም ያጥቡ። ተክሉ የማንጎ ዘመድ በመሆኑ በፖይዝን ኦክ የተጎዳ ሰው የማንጎ ልጣጭም ሊያሳክከው ይችላል።

ራትል ስኔክ ጅራቱን እያንቋቋ የሚያስጠነቅቅ መርዛማ እባብ ሲሆን በሞቃት ወራት በመንገድ ላይ ይገኛል። እጅና እግርዎን በማያዩት ቦታ አያሳርፉ፤ ካገኙት ቆም ብለው ወደ ኋላ ይመለሱና መንገድ ይስጡት። ከነደፈ ቁስሉን አይቁረጡ፣ አይምጠጡ፣ በገመድ አይሰሩ፤ 911 ይደውሉ። ፑማ ማየት እጅግ አልፎ አልፎ የሚሆን ነገር ነው፤ ካዩ አይሩጡ፣ ልጆችን ያቅፉ፣ ከፍ ብለው ይታዩ፣ እየጮኹ በዝግታ ያፈግፍጉ። ወደ ቤት ሲመለሱ መላ አካልዎን ለመዥገር ይፈትሹ። የዱር ፍሬ አይቅመሱ።

እሳት ያለፈበትን ኮረብታ መመልከት

ቻፓራል የሚቃጠል አገር ነው፤ ዕፅዋቱም ከእሳት ጋር የሚኖሩበትን መንገድ አግኝተዋል። ቻሚስ ከመሬቱ ገጽ ሥር እንደ ጉቶ ያበጠ እንጨት ስላለው ላዩ ቢቃጠልም በሳምንታት ውስጥ ከዚያ ያቆጠቁጣል። ከማንዛኒታ ዓይነቶች አንዳንዶቹ እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ሌሎቹ ግን በእሳት ፈጽመው ይሞቱና ለዓመታት በአፈር ውስጥ የቆየው ዘራቸው እሳቱ ካለፈ በኋላ ይበቅላል። በእሳት ማግስት ባለው የመጀመሪያ ጸደይ ከዚያ በፊት በኮረብታው ላይ ማንም ያላያቸው አበቦች ይወጣሉ፤ ዘራቸው ለአሥርት ዓመታት አፈር ውስጥ ይጠብቅ የነበረ ነው።

ሆኖም እሳት ይጠቅመዋል ብሎ መደምደም ትልቅ ስህተት ነው። ቁጥቋጦው ዳግም ዘር ለማከማቸት ረጅም ዓመታት ያስፈልጉታል፤ እሳቱ በአጭር ጊዜ ከተደጋገመ ከሌላ አገር የመጣ ሣር ቦታውን ይወስድና ኮረብታው ዳግም ቻፓራል አይሆንም። በኖቬምበር 2018 የዉልዚ እሳት በሳንታ ሞኒካ ተራሮች ካለው የብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት መሬት 88 በመቶ ያህሉን አቃጥሏል። ዛሬ እሳት የሚነሣው በአብዛኛው በሰው ምክንያት በመሆኑ ተመልካቹ ራሱ ጥንቃቄ ሊያደርግ ይገባዋል፤ መኪናዎን በደረቅ ሣር ላይ አያቁሙ፣ ሲጋራና ምድጃ አይያዙ፣ ደረቁ የሳንታ አና ነፋስ በሚነፍስባቸው ቀናት እቤትዎ ይዋሉ።

የተቃጠለ ቦታ ለጎብኚ ሲከፈት፣ ከመንገዱ ሆነው አንድ የተቃጠለ ቁጥቋጦ ይምረጡ። ከሥሩ የሚወጣውን አዲስ ቀንበጥ በየወሩ ከአንድ ቦታ ሆነው ፎቶ ያንሡ። ከመንገድ ወጥቶ መርገጥ እዚህ ከሌላው ቦታ ሁሉ የከፋ ጉዳት ያመጣል፤ ገና ሥር ያልያዘ ቡቃያ በአመድ ሥር አይታይም።

ማስታወሻ አያያዝ

ለየቀኑ ጉብኝት ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዝናብ ከዘነበ ምን ያህል ቀን እንደሆነው፣ የሰሙትንና ያዩትን ይጻፉ። ስሙን ካላወቁ በራስዎ ቃል ይሰይሙት፤ "ቅጠሉ እንደ ጌሾ፣ ፍሬው ቀይ" ብሎ መጻፍ ስሕተት ካለበት ስም ይሻላል። በ2008 በበርክሌይ የተጀመረው ኢናቹራሊስት የተባለው መተግበሪያ ከፎቶ ስም ለመፈለግ ይረዳል፤ የሚሰጥዎን የመጀመሪያ ስም ግን በቅጠልና በቅርፊት ሳያመሳክሩ አይቀበሉ። የጎጆ ወይም የነጭ ሴጅ ቦታ ሲያስገቡ ትክክለኛውን ሥፍራ እንዲሸሽግ ያድርጉ።

ደብተሩን በኦክቶበር መጨረሻ፣ በጋው በጣም በረዘመበት ቀን መጀመር የሚፈልግ ሰው ካለ ከዚህ ይጀምር። በሰሜን ተዳፋት ላይ በድንጋይ የተጣበቀ፣ ጥቁርና የተኮማተረ፣ ሲነኩት የሚንኮታኮት፣ ሞስ የሚባል ትንሽ ተክል ይፈልጉ። ከመጠጥ ውኃዎ ጥቂት ጠብታ ያንጠባጥቡበትና ሌንሱን ያቅርቡ። ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ይዘረጋሉ፣ ጥቁሩም ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። የፈጀውን ደቂቃ ይጻፉት።